ሳንጠየቅ የምንመልሰው ሐቅ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።  

የዛሬው ርዕሳችን ከአንድ የስልክ ጥያቄ የተነሣ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንጓዝ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት መኪናችን ቆመ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን ቁልቁለት እስኪጨርስ ድረስ ሾፌር ሁሉ መብራቱን አብርቶ በዝግታ ነው የሚሄደው። ጉሙ እስኪገልጥ ስንጠብቅ ስልካችን ጠራ። የደወለው ይፋት ቆላ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ለንደን የሚኖር ወንድማችን ነው። ከሰላምታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ኡስታዝ፣ የማይገባኝን ገንዘብ ሳልበላ አልቀረሁም” አለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በብሪታንያ ልጅ ላለው ቤተሰብ መንግሥት የልጆች ድጎማ ይሰጣል። የወንድማችን የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ደመወዙ አነስተኛ ስለነበር ባለቤቱ አመለከተች፤ ድጎማውም በየአራት ሳምንቱ በእርሷ የባንክ ሒሳብ መግባት ጀመረ። ሁለቱ ተመካክረው ከዚያው ላይ ቆርጠው ይፋት ላሉት እናቱ በየወሩ መላክ ለመዱ። ከዓመታት በኋላ የተሻለ ሥራ አገኘ፤ ደመወዙ በዓመት 55 ሺህ ፓውንድ ደረሰ። ድጎማው ግን እንደ ወትሮው መግባቱን አላቋረጠም። የጠየቀው ሰው የለም፤ እርሱም ያሳወቀው ነገር የለም። በቅርቡ ታዲያ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ ደመወዙ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ወላጅ ከድጎማው ላይ በግብር መልክ መመለስ እንዳለበት ነገረው።

ወንድማችን ሦስት ነገር ጠየቀን። ማንም ስላልጠየቀኝ ዝም ብል ምን አለበት? ብናገርስ እቀጣ ይሆን? ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእናቴ የላክሁት ገንዘብ ምን ሊባል ነው?

ጥያቄው የለንደን ይምሰል እንጂ የሁላችንም ነው። ዘመድ በውጭ አገር ያለው ቤት በአካባቢያችን ብዙ ነው። በዚህ በአገራችንም ሲቸግረን ተመዝግበን የምንቀበለው፣ ሲሻለን ግን “ይበቃኛል” ማለት የሚከብደን ነገር አለ። ስለዚህ ጉዳዩን ረጋ ብለን እንየው።

ነገሩ ምንድን ነው?

በብሪታንያ ይህ ድጎማ አሁን ያለውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ለረጅም ጊዜ ሀብታምም ድሃም ለልጁ እኩል ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 7 ቀን 2013 ጀምሮ ግን አዲስ ሕግ ወጣ። ከባልና ከሚስት የአንዳቸው ዓመታዊ ገቢ ከ50 ሺህ ፓውንድ ካለፈ፣ ባለፈው በእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ከድጎማው 1 በመቶው በግብር ይመለሳል። ገቢው 60 ሺህ ከደረሰ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ደግሞ መነሻው ወደ 60 ሺህ ከፍ ብሎ፣ ድጎማው በሙሉ የሚመለሰው ገቢው 80 ሺህ ሲደርስ ሆነ፤ 1 በመቶ የሚቆረጠውም በእያንዳንዱ 200 ፓውንድ ነው።

ሰው የሚሳሳተው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ድጎማው በእናትየው ስም ቢገባም ግብሩን የሚከፍለው ከሁለቱ የበለጠ ገቢ ያለው ነው። ስለዚህ ተቀባይዋ ሚስት፣ ባለዕዳው ባል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለ ገንዘብ በማይነጋገሩበት ቤት አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሁለተኛ፣ የሚታየው የሁለቱ ገቢ ተደምሮ አይደለም። በአሁኑ ሕግ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 59 ሺህ ቢያገኙ ምንም አይከፍሉም፤ አንዱ ብቻ ሠርቶ 80 ሺህ ቢያገኝ ግን ድጎማው ሁሉ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ የደመወዝተኛ ግብር በአሠሪው በኩል ስለሚቆረጥ ብዙ ሰው ከመንግሥት ጋር ሒሳቡን የጨረሰ ይመስለዋል። ይህን ግብር ግን ሰውየው ራሱ ካላሳወቀ ዝም ብሎ ከደመወዙ አይቆረጥም።

የወንድማችንን ሒሳብ አብረን አሰላነው። እ.ኤ.አ. በ2022/23 የግብር ዓመት ድጎማው ለመጀመሪያ ልጅ በሳምንት 21.80፣ ለሁለተኛው 14.45 ፓውንድ ነበር። የ52 ሳምንቱ 1,885 ፓውንድ ይሆናል። ገቢው ከ50 ሺህ በ5 ሺህ ስለሚበልጥ የሚመልሰው ግማሹን ነው፤ 942 ፓውንድ። በ2023/24 ድጎማው ወደ 24 እና 15.90 አድጓል። ደመወዙ ያው ስለነበር ግማሹ 1,037 ፓውንድ ይመጣል። በ2024/25 ደመወዙ 58 ሺህ ቢደርስም መነሻው 60 ሺህ በመሆኑ ዕዳ የለበትም። እንግዲህ የሁለቱ ዓመት ዕዳ ተደምሮ 1,979 ፓውንድ ነው። የገመተው ከዚህ እጅግ የበዛ ነበርና ቁጥሩን ሲሰማ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ወንድሞችና እህቶች፣ ያልተቆጠረ ዕዳ ከተቆጠረው ይልቅ ያስፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠሩት።

የልጆች ድርሻ በኸሊፋው ዑመር ዘመን

መንግሥት ለልጆች የሚቆርጠው ድርሻ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሕዝቡን በመዝገብ አስፍረው ከበይተል ማል ድርሻ ሲያከፋፍሉ፣ ለሕፃናት የሚሰጠው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር ሆነው መዲና የሰፈሩ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ወደ እናቲቱ ሄደው ልጇን እንድታባብል ነገሯት። ልቅሶው ግን አልቆመም። ደጋግመው ቢመለሱ ሴቲቱ ማንነታቸውን ሳታውቅ፣ ዑመር የሚሰጡት ጡት ለጣለ ብቻ ስለሆነ ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለች እንደሆነ ነገረቻቸው።

ዑመር (ረ.ዐ) በዚያ ሌሊት ማግሥት የሱብሕ ሰላት ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሣ ቁርኣን ሲቀሩ በቅጡ አልተሰሙም። ከሰላት በኋላም በዚህ ደንብ ምክንያት የስንቱ ሙስሊም ልጅ ተጎድቶ ይሆን ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ከዚያም እናቶች ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ከእንግዲህ ለተወለደ ሁሉ ድርሻ እንደሚቆረጥ በየአገሩ አስነገሩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ለልጅ ከሕዝብ ገንዘብ መቀበል የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የተገባው ሰው በግልጽ ይቀበል። ሁለተኛው፣ ደንቡ ሰውን ከጎዳ የሚስተካከለው በግልጽ ተነግሮ ነው። ሴቲቱ በተናገረች ጊዜ ሕጉ ተለወጠ። የብሪታንያው ገደብም ብዙ ወላጆች አቤት ካሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍ ብሏል። ሕጉ አድሏዊ ነው የሚል ሰው በአደባባይ ይሞግት፤ መብቱ ነው። እየተቀበሉ ዝም ማለት ግን ሙግት አይደለም።

ምክንያቶቻችን ሲመረመሩ

“አላወቅሁም ነበር” የሚለውን እናስቀድም። አላህ እዝነቱ ሰፊ ነው፤ ሳያውቅ የተሳሳተን ሰው በስሕተቱ አይዘውም። ነገር ግን የአላህ ይቅርታና የሰው ሐቅ አንድ አይደሉም። የእኛን ቆላ ልማድ አስቡት። የአንዱ ከብት ሌሊት ገብቶ የጎረቤትን ማሽላ ቢበላ ባለ ከብቱ “ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም” ይላል። ሽማግሌዎቹ ቃሉን ይቀበሉታል፤ ሌባም አይሉትም። ከዚያ በኋላ ግን ማሳው ውስጥ ገብተው የጠፋውን ይገምታሉ፤ ካሣውንም ይቆርጣሉ። አለማወቅ ኃጢአቱን ያነሣል እንጂ የተበላውን ማሽላ አይመልስም። ወንድማችንም እስከ ሰማባት ቀን ድረስ ያልተነገረው ሰው ነበር። ከሰማ በኋላ የሚጨምራት እያንዳንዷ የዝምታ ቀን ግን ሌላ ስም አላት።

“ማንም አልጠየቀኝም” የሚለው ይቀጥላል። ዘካን እናስታውስ። ኒሷብ የሞላውን ሰው ዓመቱ ሲዞር “ሒሳብህን አምጣ” ብሎ በሩን የሚያንኳኳ ላይኖር ይችላል። ራሱ ይቆጥራል፤ ራሱ ያወጣል። አምና ዘካ ይቀበል የነበረ ሰው ዘንድሮ ሰጪ ሊሆን ይችላል። የሙእሚን ሒሳብ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚታይ ነው፤ አምና ድሃ ነበርኩ ማለት ለዘንድሮው አይበቃም።

ሦስተኛው ከአንዳንድ ወጣቶች የምንሰማው ነው፤ “የሙስሊም መንግሥት ገንዘብ አይደለም” ይላሉ። ይህ አደገኛ አነጋገር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ እርሳቸውን ለመግደል የሚያሴሩት ቁረይሾች ያስቀመጡባቸው አደራ በእጃቸው ነበር። ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ አስቀርተው ለየባለቤቱ አስመልሰዋል። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) ደግሞ ከመስለማቸው በፊት የመንገድ ጓደኞቻቸውን ገድለው ንብረታቸውን ወስደው ነበር። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጡ ጊዜ እስልምናቸውን ተቀበሏቸው፤ በክህደት የተወሰደውን ንብረት ግን አልተቀበሉም። በአንድ አገር በቪዛ ወይም በዜግነት ገብቶ የሚኖር ሙስሊም ቃል ኪዳን ውስጥ ገብቷል። ደኅንነቱን ሲቀበል አደራውንም ተቀብሏል። ድጎማው የተሰጠው ከነቅድመ ሁኔታው ነው፤ ጥቅሙን ወስዶ ሁኔታውን መተው አይቻልም።

አራተኛው ምክንያት ስውር ነው፤ “ለእናቴ ነው የላክሁት፣ ለመስጊድ ነው የሰጠሁት” የሚል። መልካም ሥራ ዕዳን አይከፍልም። አላህ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕን እንጂ አይቀበልም። የሰው ሐቅ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐቁን ያውጣ፤ ከዚያ በተረፈው ይመጽውት።

እዚህ ላይ ግን ወንድማችንን ያስጨነቀውን ነገር እንለየው። ለእናቱ የላከው ገንዘብ የስርቆት ገንዘብ አይደለም። ድጎማው ለባለቤቱ የተከፈለው በሕግ ነው። የቀረው ነገር በእርሱ ላይ የወደቀው ግብር ነው። ያ ዕዳ በእርሱ ጫንቃ ላይ እንጂ በእናቱ ላይ አይደለም። እናቱ በቅን ልብ ተቀብለው ዘይትና ዱቄት ገዝተውበታል። ከእርሳቸው የሚጠየቅ የለም። እርሱ ከላቡ ይክፈል።

እንዴት ይስተካከላል?

ዑለሞች እንዳስተማሩን፣ በባሪያውና በአላህ መካከል ላለ ወንጀል የተውበት መስፈርቱ ሦስት ነው፤ ድርጊቱን ማቆም፣ መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ። የሰው ሐቅ ካለበት ግን አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። እነዚህን በወንድማችን ጉዳይ ላይ እናውላቸው።

ማቆም ማለት ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ማስተካከል ነው። በብሪታንያ ሁለት መንገድ አለ። ቤተሰቡ ድጎማውን እየተቀበለ ግብሩን በየዓመቱ ሊከፍል ይችላል። ወይም ምዝገባው እንዳለ ሆኖ ክፍያው እንዲቆም ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛውን ለሚመርጥ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ምዝገባውን ጨርሶ አትተዉ። ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ቤት የምትውል እናት ለጡረታዋ የሚታሰብላት ዘመን ከዚህ ምዝገባ ጋር የተያያዘ ነው። ገንዘቡን መተው ይቻላል፤ መብቷን ግን አታስጠፉባት። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከተመከሩ በኋላ፣ አቡበክርም ሆኑ ዑመር (ረ.ዐ) የሚገባቸውን ድርሻ ቢያቀርቡላቸው እንኳ ሳይቀበሉ ኖረዋል። የሚገባን ነገር ቀርቶብን የምንኖር ከሆነ፣ የማይገባንን መተው እንዴት ያቅተናል?

መመለስ ማለት ያለፈውን ማሳወቅ ነው። የብሪታንያ የግብር ዓመት የሚያልቀው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን ነው። ግብሩ የሚመለከተው ሰው እስከ ጥቅምት 5 ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ፣ እስከ ቀጣዩ ጥር 31 መክፈል አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ሌላ የግብር ቅጽ የማይሞላ ደመወዝተኛ በኢንተርኔት ተመዝግቦ ከደመወዙ እንዲቆረጥለት መጠየቅ ይችላል። ጊዜያቸው ላለፈ ዓመታት ግን ራሱን ችሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የተዘጋጀ የኢንተርኔት ቅጽ አለ። የየዓመቱን ገቢ፣ የተቀበለውን ድጎማና የዘገየበትን ምክንያት በእውነት ይጻፍ። ከገቢው ላይ ለጡረታ የከፈለውንና በሕጉ መሠረት ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን ሶደቃ መቀነስ ሊችል ስለሚችል ይህንንም አይርሳ። ሒሳቡ ከተወሳሰበበት ባለሙያ ይጠይቅ።

“እቀጣለሁ ወይ?” ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። በዚያ አገር ሕግ፣ ሳይጠየቅ ራሱ መጥቶ የተናገረና ተደርሶበት የተያዘ እኩል አይታዩም። ራሱ ለመጣ ቅጣቱ ይቀላል፤ በቂ ምክንያት ካለውም ሊቀር ይችላል። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ቅጣቶች እንደገና መርምሮ፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ድጎማ የጀመሩና በኋላ ገቢያቸው ያደገ ሰዎችን ምክንያት ተቀብሎ ለተወሰኑት ቅጣቱን መልሷል። ዋናው ግብር ግን ለማንም አልቀረም። የሽማግሌዎቻችን ፍርድ አይመስልም? ቃሉን ተቀበሉት፤ ማሽላውን ግን አስከፈሉት። በዘገየው ላይ ወለድ ስለሚታሰብ መቸኮል ይገባል። በአንድ ጊዜ መክፈል ያቃተው ሰው በየወሩ ለመክፈል መስማማት ይችላል።

እኛስ?

አሁን ከለንደን ወደ ይፋት እንመለስ። ይህን ሁሉ ሰምተን “አይ የውጭ አገር ሰው ጉድ” ብለን እንዳናልፈው።

በአገራችን የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በከተሞች ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሯል። ፕሮግራሙ ባለባቸው ወረዳዎች መሥራት የሚችለው በእርከንና በመንገድ ሥራ እየተሳተፈ፣ አቅመ ደካማው ደግሞ በቀጥታ ይረዳል። ድጋፉ የሚሰፈረው በቤተሰብ ቁጥር ነው፤ ልጆች ይቆጠራሉ ማለት ነው። ቤተሰቡ ራሱን ሲችል “ተመረቀ” ተብሎ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ስም ዝርዝሩን ኅብረተሰቡ ይመርጣል፤ ቅሬታ ሰሚም አለ። በጤና መድን በኩልም መክፈል ለማይችል ድሃ ቤተሰብ መዋጮው በመንግሥት ይሸፈናል።

ታዲያ በመንደራችን አንድ አባወራ ልጁ ዐረብ አገር ሄዳ ገንዘብ መላክ ጀመረች እንበል። ወይም ማሾውና ሽንኩርቱ ሠምሮለት ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ። ስሙ ግን አሁንም በድሆች ዝርዝር ላይ አለ። ኮሚቴው አላየውም፤ ወይም አይቶ ይሉኝታ ያዘው። ቀጥሎ ያለው ጎጆ ውስጥ አምስት የቲሞች የያዘች እናት “ቦታ የለም” ተብላ ተመልሳለች። የለንደኑ ሐቅ የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ ባለቤቱ በዐይን አይታይም። የእኛው ሐቅ ባለቤት ግን ቁርበቷን አንጥፋ በራችን ሥር አለች። የትኛው ይከብዳል?

ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን፣ ዘካችንን በምናስብበት ቀን፣ አባወራና እማወራ አብረው ተቀምጠው ሦስት ነገር ይጠያየቁ። በስማችን ወይም በልጆቻችን ስም የምንቀበለው ምንድን ነው? የተመዘገብን ጊዜ የነበረው ሁኔታችን ዛሬም እንደዚያው ነው? ካልሆነ ለማን፣ መቼ እንናገር? ሄዶ “ስሜን አንሡልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል” ማለት ኩራት እንጂ ውርደት የለበትም።

ሌላው መልእክታችን ከውጭ አገር ለሚላክላቸው ቤተሰቦች ነው። ልጃችሁ “ዘንድሮ የምልከው ይቀንሳል፣ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ” ሲላችሁ አታስጨንቁት። የእገሌ ልጅ ፎቅ ሠራ እያላችሁ ከሌላ ጋር አታወዳድሩት። ብዙ ወጣት ሐቅ የሚያጎድለው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ አገር ቤት የሚጠብቀውን እጅ ባዶ መመለስ ስለሚያፍር ነው። “የምትልክልን ይነስ፣ ሐላል ይሁን” የምትል እናት ልጇን ከሁለት አገር ጭንቅ ታወጣዋለች።

ነገራችንን በአንድ ታሪክ እንዝጋ። በኸይበር ዘመቻ ጊዜ አንድ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ በቀስት ተመትቶ ሞተ። ሰዎች ሸሂድ ሆነ ብለው ተደሰቱለት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት አንዲት ካባ እሳት ሆና እየነደደችበት እንደሆነ ነገሯቸው። ይህን የሰማ አንድ ሰው ወዲያው የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ። ማሰሪያው እንደሌለ ማንም አላወቀም፤ የጠየቀውም አልነበረም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የጫማ ማሰሪያ እንኳ ሳትመለስ ብትቀር የእሳት እንደምትሆን አስጠነቀቁ። የካባው ሰው ዕድሉ አልፎታል። የማሰሪያው ሰው ግን በሕይወት ሳለ አወጣት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዕቃው ትልቅነት አይደለም፤ ዛሬ መናገርና አለመናገር ነው።

ወንድማችን ከሁለት ወር በኋላ መልሶ ደወለልን። ቅጹን ሞልቶ ልኳል፤ የመሥሪያ ቤቱን መልስ እየጠበቀ ነው። እስከዚያው በየወሩ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ጀምሯል። ለእናቱ መንገር ግን ከቅጹ ይልቅ ከብዶት ነበር፤ “ልጄ የሰው ገንዘብ በላ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ” አለን። በመጨረሻ ነገራቸው። እናቱ ዝም ብለው ሰምተው፣ “ከፍለህ መቼ ትጨርሳለህ?” ብቻ አሉት። ወሩን ሲነግራቸው፣ “እስከዚያ ማሾው ያደርሰናል” ብለው ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቁት።

አላህ (ሱ.ወ) በሐላሉ የምንብቃቃ ያድርገን። ሳናውቅ የወሰድነውን የምንመልስበት ዕድሜና አቅም ይስጠን። ልጆቻችንን በሐላል ሪዝቅ ያሳድግልን። ቤቶቻችንን በረካ ይሙላልን። አሚን።